ሐረጎን በብስክሌት፦ ከኮምቦልቻ ደሴ መውጣትና በደህና መውረድ

ከኮምቦልቻ ደሴ የሚወስደው መንገድ ሐረጎ በሚባለው ጠመዝማዛ ዳገት ላይ ያልፋል። ብዙ ሰው ይህን መንገድ የሚጀምረው ከደሴ ነው። ይገባኛል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት። በመሃላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከላይ ተነስቶ ቁልቁል መንደርደርን ማን ይጠላል? ጣጣው የሚመጣው ታች ከተደረሰ በኋላ ነው። ፀሐይዋ ከርራለች። ከባድ መኪናው መንገዱን ሞልቶታል። ጉልበት የሚጨርሰው ዳገት ደግሞ ገና አልተጀመረም። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው፤ ያን ሁሉ ጥምዝ የወረዳችሁት ሳታውቁት ነው።

ስለዚህ ከታች ጀምሩ። ሐረጎን መጀመሪያ በዳገቱ ተዋወቁት። በዝግታ ስትወጡ እያንዳንዱን ጉድጓድ፣ አሸዋ የተጠራቀመበትን ጥምዝ፣ ጠርዙ የተበላውን አስፋልት በዓይናችሁ ታያላችሁ። ስትወርዱ ያ ሁሉ ጭንቅላታችሁ ውስጥ አለ። እኔ ይህን የተማርኩት ተገላቢጦሹን ሠርቼ ነው። ታሪኩን ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

የደሴ ልጅ ብትሆኑም ምክሬ ያው ነው። በጠዋት የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዛችሁ ውረዱ። ብስክሌቱ ጣሪያ ላይ ይታሰራል። ከረዳቱ ጋር ሂሳቡን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ካሰሩት በኋላ መነታረክ ጠዋቱን ያበላሻል።

መቼ ይወጣል?

ጥሩው ወቅት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ አቧራው ገና አልተነሳም፣ ተራራው አረንጓዴ ነው። በጥቅምት ወደ ቦርከና ሸለቆ ስታዩ ማሽላው ራሱን ደፍቶ ታገኙታላችሁ። ለእኔ ከዓመቱ የሚበልጥብኝ ወር ይሄ ነው።

ሐምሌንና ነሐሴን ተዉአቸው። ዝናቡ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ጉሙ ሐረጎ ላይ ሲተኛ ሹፌሩ እናንተን አያያችሁም። ከገደሉ ድንጋይ ይንከባለላል። ወሎ በልግም እንዳላት አትርሱ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ጠዋት ጥርት ያለ ሰማይ ከሰዓት በኋላ ሊያወርደው ይችላል።

ከሳምንቱ ቀናት እሁድ ጠዋት ይሻላል። ሰኞ የገበያ ቀን ነው። ሰው፣ አህያ፣ በግ፣ አይሱዙ ሁሉም አንድ አስፋልት ላይ ነው። አርብ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ከጁምዓ ስግደት በፊት ጨርሳችሁ ግቡ። በዚያ ሰዓት መስጊድ አካባቢ መንገዱ ዳር በሰው ይሞላል።

የመነሻው ሰዓት ሰማዩ እንደነጣ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ጨለማ ነው፤ መብራት ቢኖራችሁም አልመክርም። 1 ሰዓት ካለፈ ግን ጭነት መኪናው ይቀድማችኋል። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አላት፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ የጅቡቲው መስመርም በባቲ በኩል እዚሁ ይገባል። ተሳቢውና ቦቴው የሚበዛው ለዚህ ነው።

አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። ዋዜማውን ማታ መናኸሪያ ሄዳችሁ ሹፌሮችን "መንገዱ እንዴት ነው?" በሏቸው። ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ጠዋት ላይ ሚኒባስ ካልወጣ እናንተም አትውጡ።

ብስክሌቱን ማዘጋጀት

ውድ ብስክሌት አያስፈልግም። ገበያ ላይ የምናገኘው ባለ 21 ማርሽ የተራራ ብስክሌት ይህን መንገድ ይችላል። የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ቀላል ማርሽ፣ የሚይዝ ፍሬን፣ ያልተሰነጠቀ ጎማ።

ማርሹን ለማወቅ ጥርስ ቁጠሩ። ከፊት ያለውን ትንሹን ማርሽ፣ ከኋላ ያለውን ትልቁን ማርሽ። የፊቱን ቁጥር ለኋላው አካፍሉ። ከፊት 28፣ ከኋላ 28 ከሆነ መልሱ 1 ነው። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞሩ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ትሄዳላችሁ። ለሐረጎ የሚሆነው ይሄ ነው። በአሮጌ የውድድር ብስክሌት ላይ ግን ከፊት 42፣ ከኋላ 24 ታገኛላችሁ። መልሱ 1.75 ነው። በዚያው አዟዟር በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር መሄድ ይጠበቅባችኋል። ዳገት ላይ ያን ፍጥነት መያዝ የሠለጠነ እግር ይጠይቃል። ያልሠለጠነው ቆሞ ይረግጣል፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ መሃል ላይ ወርዶ ይገፋል። ስለዚህ መልሱ 1 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይሁን። ካልሆነ ጋራዥ ወስዳችሁ የኋላውን ማርሽ በትልቁ አስቀይሩ።

ፍሬኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ ቸልተኛ የሆነ ሰው ዋጋ ይከፍላል። ኮምቦልቻ ውስጥ ብስክሌት የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ። አንድ ቀን ፍሬኑ ይጮህብኝ ነበርና ወሰድኩላቸው። የፍሬኑን ጎማ ፈትተው በጥፍራቸው ዳሰሱት። ከዚያ እጄን ያዙና በጣቴ አስዳሰሱኝ። ይወጋል። ጎማው ውስጥ የሚያብለጨልጩ የብረት ስባሪዎች ተሰክተዋል። ከቸርኬው ራሱ የተፋቀ ብረት ነው። "ይሄ ፍሬን አይደለም ልጄ፣ ሞረድ ነው" አሉኝ። በመርፌ አንድ በአንድ ነቅለው አወጡት፤ ጎማውን በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አደረጉትና መለሱት። ጩኸቱ ጠፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐረጎን ከመውረዴ በፊት የፍሬኑን ጎማ ሳልዳስስ ቀርቼ አላውቅም።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የፍሬኑ ጎማ ላይ ያሉት ቦዮች ጠፍተው ከሆነ ቀይሩት። የፍሬኑን እጀታ በኃይል ሳቡት፤ መሪውን የሚነካ ከሆነ ሽቦው ላልቷልና አስጠብቁት። ሽቦው ጫፉ ላይ መተርተር ከጀመረ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ቀይሩት። ዘይት ካቴናው ላይ እንጂ ቸርኬው ላይ ጠብ እንዳይል። ጎማው ደግሞ ጎኑ ላይ ስንጥቅ ካለው ለከተማ ይሁን፤ ለቁልቁለት አይሆንም።

አየር ሲሞላ ቀጭን የአስፋልት ጎማ ከ80 እስከ 90 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ)፣ ወፍራም የተራራ ጎማ ከ40 እስከ 50 ይበቃዋል። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ጣሪያ አትለፉ። ጎሚስታው በኮምፕሬሰር ሲሞላ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ለመኪና ጎማ የለመደ እጅ ነውና በሰከንድ ውስጥ ያፈነዳዋል። ብስክሌታችሁ ቀጭኑ ቫልቭ ያለው ከሆነ የጎሚስታው አፍ አይገጥምለትም። ጥፍር የምታህል የናስ ማገናኛ አለች። አንድ ገዝታችሁ ቁልፍ መያዣችሁ ላይ አንጠልጥሏት።

ምን ይያዛል?

ሄልሜት። ይህ ላይ ድርድር የለም። አንጸባራቂ ሰደርያ። አንድ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያና ማስቲሽ፣ ትንሽ ፓምፕ፣ የብስክሌቱ ቁልፎች። መታወቂያ። የተሞላ ስልክ። ዝርዝር ብር፤ በትልቅ ብር ሻይ ቤት ውስጥ መልስ ስትጠብቁ ሰዓቱ ይሄዳል።

ውሃ ሁለት ኮዳ። አንዱ ንጹሕ ውሃ ይሁን። ሌላው ውስጥ በሶ በጥብጡ፤ ቀጠን አድርጉት፣ ስኳርና የጨው ቁንጢጣ ጨምሩበት። በሆድ ይቀመጣል፣ ጉልበት ይሰጣል፣ ከየትኛውም የታሸገ መጠጥ አይተናነስም። ሙዝ፣ ተምር፣ ዳቦ በማር ጥሩ ነው። ቆሎ ያዙ፤ ግን ስትቆሙ ብቻ ብሉት። ዳገት ላይ እያለከለኩ ቆሎ መቃም ትን ያስብላል። አንድ ጓደኛችን ላይ ደርሶ ጀርባውን ስንመታ ቆይተናል።

ሌላው ልብስ ነው። ደሴና ኮምቦልቻን የሚለያቸው ከፍታ ወደ 650 ሜትር ይጠጋል። በ1,000 ሜትር 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳልና ደሴ በ4 ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች። አራት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ላብ ባረጠበው ልብስ ቁልቁል ስትወርዱ ግን ንፋሱ አጥንት ይገባል። ስስ የንፋስ ጃኬት ያዙ። ከሌላችሁ ደሴ ላይ ጋዜጣ ገዝታችሁ ከሸሚዙ ሥር ደረታችሁ ላይ አድርጉት። የድሮ ተወዳዳሪዎች ዘዴ ነው፤ አሁንም ይሠራል።

ከዋናው ቀን በፊት፦ ሦስት ሳምንት ልምምድ

በቀጥታ ሐረጎ ላይ አትዝለሉ። በሳምንት ሦስት ጊዜ ንዱ። ሁለቱ አጫጭር ይሁኑ፣ አንዱ ረጅም።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ወደ ሐርቡ አቅጣጫ ውጡ። ይህ የአዲስ አበባው መስመር ነው፤ ወደ ከሚሴና ወደ ጨፋ ሜዳ ይወስዳል። ከሐረጎ ጋር ሲተያይ ገር ነው። እየወረዳችሁ ስለምትሄዱ መመለሻው ላይ ቀስ ያለ ዳገት ይጠብቃችኋል። ለእግር የሚያስፈልገውም ይሄው ቀስ ያለና ረጅም ዳገት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 10 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ተመለሱ፤ በሁለተኛው 15፣ በሦስተኛው 20። እስከ ከሚሴ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ሙቀቱ እየጨመረ ስለሚሄድ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ቤታችሁ ግቡ።

ደሴ ያላችሁ በጢጣ በኩል ወደ ቦሩ ሜዳ ሂዱ። 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንደ ስሙ ሜዳ ነው፤ ሰፊ፣ ነፋሻ፣ በግ የተበተነበት። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩት፣ ምኒልክም የሸዋ ንጉሥ ሆነው የተገኙበት ቦታ ይሄ ነው። አንድ ጠዋት ጉሙ እስኪገልጥ ብስክሌቴን ደግፌ ቆሜ ያ ሁሉ ድንኳን፣ ያ ሁሉ ፈረስ እዚህ ሜዳ ላይ እንዴት ያምር እንደነበር ሳስብ ቆየሁ። ለልምምድ ደግሞ ንፋሱ ራሱ ዳገት ነው። በንፋስ ላይ መንዳት ለሐረጎ ያዘጋጃል።

ከቆላ ወይም ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ እንግዳ ካለባችሁ አንድ ሁለት ቀን አሳርፉት። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ራስ ምታት ከጀመረው አያስቸግርም ብላችሁ አትውሰዱት።

ዳገቱ

ከኮምቦልቻ ስትነሱ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በጣም ዝግ በሉ። ከተማዋ ሜዳ ላይ ናት፤ እግር ትኩስ ነው፤ መሮጥ ያሰኛል። አትሩጡ። ዳገቱ ሲጀምር ቶሎ ወደ ቀላሉ ማርሽ ግቡ። ማርሽ የሚቀየረው ፔዳሉ ከመክበዱ በፊት ነው። ከከበደ በኋላ በኃይል እየረገጡ መቀየር ካቴና ይበጥሳል።

ሐረጎ የሚጠማዘዘው በምክንያት ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ይህን መስመር ለጭነት መኪና ሲያስተካክለው ተራራውን ፊት ለፊት አልወጣውም። እየዞረ፣ ርዝመት እየጨመረ፣ ዳገቱን እያለሰለሰ ነው የወጣው። ለከባድ መኪና የተሠራ ዳገት ለብስክሌትም ይሆናል። ርዝመቱ እንጂ ቀጥ ማለቱ አይደለም የሚያስቸግረው። ስለዚህ ትልቁ ዘዴ አንድ ነው፤ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው በአንድ ትንፋሽ መጠን መሄድ። ፈተናው ቀላል ነው። ከጎናችሁ ላለው ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ቀንሱ።

ኮርቻ ላይ ተቀመጡ። ቆማችሁ የምትረግጡት ወገብ ለማሳረፍ ብቻ፣ ለጥቂት ሰከንድ ይሁን። ትከሻችሁን ልቀቁ። መሪውን እንደ ዶሮ አንገት አትነቁት። በየ20 ደቂቃው ሁለት ጉንጭ ጠጡ፤ ሳይጠማችሁ። የጠማው ሰው ዘግይቷል።

የጥምዙ ውስጠኛ ጎን ቀጥ ይላል፣ ውጭው ይለሰልሳል። ወደ ቀኝ በሚታጠፈው ላይ ከቀኝ ጠርዝ ግማሽ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ውጡ። ጠርዙን ተለጥፎ መሄድ ደህንነት ይመስላል፤ ግን አሸዋውም፣ ስባሪ ጠርሙሱም፣ የተበላው አስፋልትም እዚያ ነው። በዚያ ላይ ሹፌሩ ክፍተት አገኘሁ ብሎ እየታከካችሁ ያልፋል።

አሁን ዋናው ሥራ። የምትወርዱበት መስመር በግራችሁ ነው። በየጥምዙ ቀና ብላችሁ እዩት። አሸዋ አለ? ውሃ ይፈስበታል? የናፍጣ ጠብታ አብረቅርቋል? እኔ በልቤ ስም አወጣላቸዋለሁ፤ "አሸዋው"፣ "ባሕር ዛፉ"፣ "ጉድጓዱ"። ስትወርዱ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። የመጨረሻው መጀመሪያ ይመጣል።

ሲደክማችሁ ጥምዝ ላይ አትቁሙ። ቀጥ ያለ፣ ከላይም ከታችም የሚታይ ቦታ ፈልጋችሁ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ውጡ። ዞር ስትሉ ኮምቦልቻ ከነቆርቆሮዋ ከታች ተዘርግታ ታያላችሁ። ፎቶውን እዚያ አንሱ፤ እየነዳችሁ አይደለም።

ከሐረጎ በላይ ያለፈ ይመስላል። አላለፈም። መንገዱ ወጣ ገባ እያለ ወደ ደሴ ይቀጥላል። ብዙ ሰው ጉልበቱን ሐረጎ ላይ ጨርሶ የሚቸገረው እዚህ ነው። ግማሽ ኮዳ በሶ ለዚህ አስቀሩ። ለጀማሪ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ጦሳ ተራራ ፊት ለፊት ሲመጣ ደርሳችኋል።

ደሴ ላይ ቢያንስ 40 ደቂቃ ዕረፉ። የረጠበውን ልብስ ቀይሩ። ትኩስ ሻይ ጠጡ፣ ዳቦ ብሉ። ከባድ ምግብ ለምሳ ይቆይ። ከዚያ የፍሬኑን ጎማ ዳስሱ።

ቁልቁለቱ

የነገርኳችሁ ታሪክ ይሄ ነው። የመጀመሪያ ጊዜዬ ከደሴ ነበር የተነሳሁት። ሐረጎ ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ጥምዝ ውስጥ ገባሁ። ፈጥኛለሁ። መሃሉ ላይ ከገደሉ የታጠበ አሸዋ አስፋልቱን ሸፍኖት አየሁ። ደንግጬ የፊቱን ፍሬን ጨበጥኩ። ጎማው ከሥሬ ሸሸ። ስነቃ ክርኔ ተልጧል፣ ብስክሌቱ መሃል መንገድ ላይ ነው። አንዲት እናት እንጨት የጫነች አህያ እየነዱ ይወጡ ነበር። ወደ እኔ አልመጡም። ቀጥታ ብስክሌቱን ይዘው ጎተቱት። "ተነስ ልጄ፣ መጀመሪያ ከመንገዱ ውጣ!" ክርኔን ሳላይ ተሳብኩ። ወዲያው አንድ ሲኖትራክ ጥምዙን ዞሮ መጣ። ካለፈ በኋላ ነው "አይዞህ፣ አይዞህ" ብለው በነጠላቸው ጫፍ ደሙን የጠረጉልኝ።

ከዚያ የተማርኩትን በተራ ላስቀምጠው።

ፍጥነት የሚቀነሰው ከጥምዙ በፊት፣ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ጥምዙ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ፍሬን አትጨብጡ። ጎማ የሚችለው መያዝ ውስን ነው፤ ለመታጠፍ ሲጠቀምበት ለመቆም አይተርፈውም። ከገባችሁ በኋላ የውጪውን እግር ወደ ታች አድርጋችሁ ፔዳሉን ተጫኑት። ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ግራው እግር ታች ነው። ዓይናችሁ ጉድጓዱ ላይ አይተከል፤ መውጫው ላይ ይሁን። ብስክሌት ዓይን ወዳለበት ይሄዳል።

ሁለቱንም ፍሬን ተጠቀሙ። የፊቱ ጠንካራው ነው፤ ግን ቀስ ብሎ የሚጫን እንጂ የሚጨበጥ አይደለም። መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ገፋ አድርጉ። ፍሬኑን ሙሉ መንገዱን ይዛችሁ አትውረዱ። ያዝ፣ ቀንስ፣ ልቀቅ። ምክንያቱን በቁጥር ላሳያችሁ። ሰውና ብስክሌት አንድ ላይ 80 ኪሎ ቢመዝኑ፣ 650 ሜትር ሲወርዱ የሚለቁት ጉልበት አንድ ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ ሊያፈላ ይችላል። አንድ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ማለት ነው። ከዚህ የተወሰነውን ንፋሱ ይወስደዋል። የቀረው ቸርኬው ላይ ነው የሚያርፈው። ቸርኬው ከልክ በላይ ሲግል የውስጡ ጎማ ሊፈነዳ ይችላል። መልቀቅ ማለት ቸርኬው ንፋስ እንዲመታው ጊዜ መስጠት ነው። መሃል ላይ አንድ ሁለቴ ቆማችሁ አሳርፉት። በባዶ እጅ አትንኩት፤ ያቃጥላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር አትለፉ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በ20 በአምስት ሜትር የምትቆሙ ብትሆኑ በ40 ሃያ ሜትር ትፈልጋላችሁ።

ጭነት መኪና ከፊታችሁ በዝግታ ሲወርድ ታገኛላችሁ። የተቃጠለ ፍሬን ሽታው ቀድሞ ይመጣል። አትቅደሙት። ተጠግታችሁም አትከተሉት። ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ አምስት ደቂቃ ስጡት። ከታች የሚመጣው ተሳቢ ደግሞ ጥምዙን ሲዞር ወደ እናንተ መስመር ይገባል፤ ርዝመቱ ያስገድደዋል። ስለዚህ መሃል መስመሩ አጠገብ አትገኙ። ቁልቁል ላይ የጆሮ ማዳመጫ ፈጽሞ አይደረግም። ጥሩንባውን መስማት አለባችሁ።

መንገድ ላይ ያለው ሰው

መንገዱ የእነሱም ነው፤ እንዲያውም ቅድሚያ የእነሱ ነው። ልጆች ሲሮጡ ስታዩ እናንተ ቀድማችሁ ሰላም በሉ። ሰላም የተባለ ልጅ ድንጋይ አያነሳም። ሽማግሌ ስታልፉ ፍጥነት ቀንሳችሁ "እንዴት አደሩ አባባ" ወይም "አሰላሙ አለይኩም" በሉ። መልሱ ምርቃት ነው፤ ዳገት ላይ ምርቃት ጉልበት ይሆናል። ለቅሶ ሲያልፍ ከብስክሌት ወርዳችሁ ቁሙ። በግና ፍየል ከኋላ ስትመጡ ደወል አትደውሉ፤ ደንግጠው ወደ መንገዱ ይገባሉ። እረኛውን ተጣሩ፤ እሱ ይሰበስባቸዋል። ውሻ ከተነሳባችሁ ዳገት ላይ ማምለጥ የለም። ወርዳችሁ ብስክሌቱን በመሃል አድርጋችሁ በዝግታ ሂዱ።

"ብስክሌት የልጅ ነው" የሚሏችሁ አይጠፉም። ኢትዮጵያ በመጀመሪያው ኦሊምፒኳ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ብስክሌተኞች አሰልፋለች። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይህን ሻይ ቤት ውስጥ ስነግራቸው ብዙዎቹ ብስክሌቴን በሌላ ዓይን ያዩታል።

ከሐረጎ በኋላ

ሐረጎን ሦስት አራት ጊዜ ከወጣችሁ ሁለት መንገድ ይከፈትላችኋል።

አንዱ ሐይቅ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሲሄዱ በአብዛኛው ይወርዳል፤ ሲመለሱ ያው ወደ ላይ ነው። ስለዚህ እንደ ደርሶ መልስ ሳይሆን እንደ ሁለት ጉዞ አስቡት፤ ሐይቁ ዳር በቂ ዕረፍት አድርጉ። የእስጢፋኖስን ገዳም ማየት የምትፈልጉ ረጅም ሱሪ ይዛችሁ ሂዱ። በብስክሌት ቁምጣ አይገባም። ዋናው ገዳም ሴቶችን እንደማያስገባም ቀድማችሁ እወቁ።

ሌላው ባቲ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል። ዳገትና ቁልቁለቱ ይፈራረቃል፤ ባቲ ስትቃረቡ አየሩ የቆላ ይሆናል፣ ግመል መታየት ይጀምራል። ሰኞ ገበያዋ የታወቀ ነው፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት። ለማየት ሰኞ ሂዱ፤ ለመንዳት ግን ሌላ ቀን ምረጡ። ግመል ብስክሌት ሲያይ ይደነብራል፤ ሰፋ ያለ ቦታ ስጡት፣ ከኋላው ድንገት አትምጡ። ውሃ ከሐረጎው በእጥፍ ያዙ። መመለሻው ላይ ፀሐይ ከመታችሁ አታንገራግሩ፤ ሚኒባስ ያዙ። ብስክሌቱ ጣሪያ ላይ ሲታሰር ማርሹ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። ገመዱ ቸርኬው ላይ ሳይሆን ዋናው ብረት ላይ ይጠምጠም፤ ከሥሩ ጆንያ አስደርጉ።